የአባዬን ፔጆ ስሸጥ፦ ከኅዳር እስከ ጥር የተያዘ ማስታወሻ

ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ስታፈላ፣ ዓይኗን ከጀበናው ሳታነሣ «እንግዲህ ይሸጥ» አለች። አባዬ ከሞተ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ እየዞርን ስንሸሸው የኖርነው ቃል ይህን ያህል አጭር ሆኖ ወጣ። ማታ ለወንድሜ በስልክ ስነግረው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለና «በርካሽ እንዳትለቂው» ብቻ አለኝ።

መኪና ሸጬ ስለማላውቅ የማደርገውን ሁሉ እዚህ እጽፋለሁ።

መኪናው ፔጆ 504 ነው። በየከተማው የሚታወቀው አጭሩ ሳይሆን ረጅሙ፣ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበሩ፣ ፈረንሳዮች «ፋሚሊያል» የሚሉት ዓይነት ነው። በእ.ኤ.አ. 1978 ተሠርቶ፣ በ1975 ዓ.ም. አባዬ ወደ አገሩ ከሚመለስ የውጭ አገር መምህር የገዛው። በእኛ ቤት ግን ፔጆ ተብሎ አያውቅም፤ ስሙ «ታንኳ» ነው። ጉድጓድ ሲያገኝ አይመታም፣ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ቀስ ብሎ ይነሣል፤ ልክ ከዘጌ ማዶ ማዕበል ላይ እንደምትሄድ የደንገል ታንኳ። ፋብሪካው የሠራው ለሰባት ሰው ነው። እኛ ዘጠኝ ሆነን፣ ሙልሙል በጉልበታችን ይዘን፣ ለቡሄ ደብረ ታቦር ደርሰንበታል።

ኅዳር 12

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር ሲታጠን ነው። ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን አውጥቶ ሲያጨስ እኛም መጠለያውን ለማጽዳት ምክንያት አገኘን። ከጎረቤት ሦስት ጎረምሶች ጠርተን መኪናውን ገፍተን አወጣነው። አራቱም ጎማ መሬት ተኝቶ ስለነበር መጀመሪያ በእጅ መንፊያ ነፋንላቸው፤ ሁለቱ ነፋሱን ያዙ፣ ሁለቱ እስከ አመሻሹ እንኳ አልቆዩም። ከኋላ ወንበር ሥር ድመት ወልዳ አልፋ ኖሯል፤ የተቦጫጨቀ ጆንያ ትታልናለች።

እማዬ የድሮውን ካርቶን ሁሉ ወደ ጭሱ ስትወረውር ከእጇ የነጠቅሁት አንድ ነገር አለ፤ የአባዬ የመኪና ደብተር። በካርቶን የተለበደ፣ ዘይት የጠጣ ነው። ከገዛበት ቀን ጀምሮ የተለወጠው ዘይት፣ ማጣሪያ፣ ብልጭታ ሰጪው ካንዴላ፣ የተሞላው ውኃ ሳይቀር ከኪሎ ሜትሩ ጋር ተጽፏል። የቴክኒክ ሥዕል መምህር ስለነበር ፊደሉ ሁሉ በማስመሪያ የተሠመረ ይመስላል። «ውኃ ተጨመረ፣ ግማሽ ሊትር፣ የዝናብ» የሚል መስመር ብዙ ቦታ አለ። በልጅነቴ በጣሪያው ቧንቧ ሥር በርሜል አስቀምጦ «ይህ የመኪናው ነው፣ አትንኩት» ሲለን ቅንጦት ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር 14

መካኒኩ መጡ። አባዬ በሕይወት ሳለ ይህን መኪና ከእርሳቸው በቀር በሌላ ሰው እጅ አስገብቶ አያውቅም፤ ጋሼ ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ጋራዡንም ለልጃቸው ለቀዋል፣ ለታንኳ ግን ራሳቸው መጡ። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት እጃቸውን የጎማው ክዳን፣ ፓራፋንጎው፣ ላይ አሳርፈው ቆዩ።

መጀመሪያ የቤንዚን ታንኩን፣ ሰልቫትዮውን፣ አስፈቱ። የወጣው ቤንዚን ሽታው ቤንዚን አይደለም፣ ቫርኒሽ ነው። «ሦስት ዓመት የቆመ ቤንዚን ሙጫ ነው፤ ይህን አስገብተሽ ብታስነሺው ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ትዘጊው ነበር» አሉኝ። ታንኩ ታጠበ፣ የቤንዚን ቱቦው ተቀየረ። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ጫፋቸው ጥቁር ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ወደ ሐይቁ አመለከቱ። «ይህ ሐይቅ ከባሕር በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። መኪናው የተሠራው ለቆላ አየር ነው፤ እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ ይበዛበታል።» አባትሽ ይህን ያውቅ ስለነበር በየጊዜው ካርቡራተሩን ያስተካክል ነበር ብለው ደብተሩ ላይ ገጹን ራሳቸው አገኙልኝ።

ስለ ዝናቡ ውኃም ጠየቅኋቸው። የሞተሩ የላይ ክዳን፣ ቴስታታው፣ አሉሚኒየም ነው። ማዕድን የበዛበት ውኃ ለዓመታት ሲመላለስበት ይበላዋል፣ መተላለፊያውንም በነጭ ቅርፊት ይዘጋዋል፤ ከዚያ ሞተሩ ይሞቃል፣ ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይቃጠላል። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው በባትሪ መብራት አሳዩኝ። ውስጡ ንጹሕ ነው። በበርሜሉ ምክንያት ስቀልድበት የኖርኩትን አባቴን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁ።

አዲስ ባትሪ ገባ። ማስነሻው ሞተሪኖ አንዴ ጮኸ፣ ሁለቴ ጮኸ፣ ዝም አለ። ጋሼ ካርቡራተሩን በመፍቻ እጀታ ኳ ኳ አድርገው «አሁን» አሉ። ተነሣ። በጭስ ማውጫው፣ በማርሚታው፣ በኩል መጀመሪያ የወጣው ጭስ ሳይሆን የደረቀ ሣርና የአይጥ ጎጆ ነበር። እማዬ ከመስኮት ውስጥ እልል አለች፤ ወዲያው ራሷን ይዛ መጋረጃውን መለሰች።

አንድ ጉድለት ግን ተገኘ። የዚህ ሞተር ማራገቢያ እንደ ሌላው መኪና ሁልጊዜ አይዞርም። ውኃው ሲሞቅ ኤሌክትሪክ ወደ አንድ ማግኔት ይሄድና ማራገቢያውን ከፑሊው ጋር ያጣብቀዋል፤ ሲቀዘቅዝ ይለቀዋል። ኤሌክትሪኩን የምታደርሰው የጥፍር ያህል ካርቦን ናት፣ እርሷም አልቃለች። ጋሼ ከአሮጌ ዲናሞ ካርቦን አውጥተው በሞረድ እየሞረዱ ልክ ሲያደርጓት ሁለት ሰዓት ፈጀ። ውኃው ሲሞቅ «ቃ» ብሎ ያዘና መዞር ጀመረ። ድምፁን ረስቼው ነበር። የዛሬውን ሁሉ በአባዬ ደብተርም ላይ ጻፍሁት።

ኅዳር 16

ፍሬን። የኋላው ከበሮ ሁለቱም ጎን ዘይት አፍስሷል፤ ላስቲኮቹ በመቆም ብቻ ደርቀዋል። ተቀየሩ። የፊቱ ዲስክ ዝገቱ በነዳነው ቁጥር ራሱን ያጸዳል ተባልኩ። አራት ጎማ ገዛሁ፤ ያሳመመኝ ወጪ እርሱ ነው።

ኅዳር 22

ጋሼ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው መኪናውን ዞሩት። ማግኔቱ የሚጣበቅበት ላሜራ ነው፤ ከተንሸራተተ ሥሩ የዝገት ቀዳዳ የተሞላበት ልስን፣ ስቱኮ፣ አለ ማለት ነው። ከጣሪያው እስከ ፓራውልቱ ተጣበቀ። የተንሸራተተው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ በግራ የኋላ ጎማ ዙሪያ የመዳፍ ያህል፣ በኋለኛው በር ታች ደግሞ የጣት ያህል። የሐይቁ እርጥበት ማንንም አይምርም፤ እንደ እርሳቸው አባባል መኪናውን ያዳነው ቀለሙ ሳይሆን በየበሮቹ ታች ያሉት የውኃ መውጫ ቀዳዳዎች ናቸው። አባዬ በየዓመቱ መስከረም፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ቀዳዳዎቹን በሽቦ ይወጋቸው ነበር። ደብተሩ ላይ «ቀዳዳ ተጠረገ» የሚል መስመር አለ፣ ከእንቁጣጣሽ አጠገብ፣ ዓመት ሳይዘል።

ስቱኮውን አስፍቄ እንደ አዲስ ላስቀባው አሰብሁና ተውሁት። የተቀባ ቦታ ያጠራጥራል፤ ይልቅ እንዳለ አሳያለሁ።

ኅዳር 25

ደላላ መጣ። ማን እንደነገረው አላውቅም። መኪናውን አንዴ ዞረው፣ ወንበሩን አንዴ ተጫነው፣ «እህቴ፣ ይህ እኮ ለዕቃ ነው የሚፈለገው፤ 280 ሺህ ካመጣሁልሽ መርቂኝ» አለ። ለዕቃ ማለት ፈታትቶ ለመሸጥ ማለት ነው። እማዬ ሰማችው። ውኃ እንኳ ሳታቀርብለት ሄደ፤ በእኛ ቤት ይህ ተደርጎ አያውቅም።

ዋጋ ማውጣት ከባድ ነው። እንዲህ ያለ መኪና በየሳምንቱ አይሸጥምና የሚወዳደርበት የለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው ተሰቅሏል፤ ግን ገበያው የሚያውቀው ቶዮታን ነው። ጋሼ «ለሚያውቀው ሰው 600፣ ለማያውቀው 300» አሉ። ስድስት መቶ ሺህ ብዬ ያዝሁ።

ኅዳር 28

ለፎቶ በጠዋት ወጣን። አስቤ የነበረው በ2016 ዓ.ም. የተከፈተውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ፣ ያን 380 ሜትር ርዝመት፣ ከኋላ አድርጌ ላነሣው ነው። አንድ ጥበቃ መጥቶ በትሕትና «እዚህ አይቻልም፣ እህቴ» አለኝ። ተመልሰን በሐይቁ ዳር መንገድ ዘንባባ ሥር አቆምነው። ይህኛው ይሻል ነበር። ክሬም ቀለሙ የጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት የቅቤ ቅል ይመስላል፤ ያ ዓይኑን ጨፍገግ ያደረገ የሚመስለው የፊት መብራቱም አመለኛ ሽማግሌ አስመስሎታል። ሁለት ልጆች ባልዲ ሙሉ የሐይቅ ውኃ ይዘው ሊያጥቡት ሮጡ፤ ሰም የተቀባ ነው ብዬ ባስረዳቸውም ቅር አላቸው። ሃያ ሃያ ብር ሰጥቼ አብረው ፎቶ እንዲነሡ አደረግሁ።

ማታ ማስታወቂያውን ጻፍሁ። ጉድለቱን ነው ያስቀደምሁት፦

«ፔጆ 504፣ ረጅሙ፣ ባለ 7 ወንበር። በኋላ ግራ ጎማ ዙሪያና በኋለኛው በር ታች ስቱኮ አለው። ሦስት ዓመት ቆሟል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው አምስት አሃዝ ስለሆነ ሁለት ጊዜ ዞሯል፤ የሚታየውን አትመኑ። ሬዲዮው አይሠራም። ሞተሩ 1,971 ሲሲ ቤንዚን፣ ባለ አራት ማርሽ፣ ማርሹ መሪው ሥር ነው። ከኋላ በየጎኑ ሁለት፣ በድምሩ አራት ሞላ። ስኮርቱና ክሪኩ አለ። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ የተያዘ የጥገና ደብተር አብሮ ይታያል።»

«ይታያል» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ደብተሩን አልሸጥም።

ደላላው ይህን አንብቦ ደወለ። «ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ ሳለሁ ጉድለቱን ጽፎ የሚሸጥ አላየሁም። ገዢው ራሱ ይፈልገው እንጂ!» አለኝ። ይፈልገዋል፤ ሲያገኘው ግን የቀረውንም አያምነኝም።

ታኅሣሥ 2 – ታኅሣሥ 10

ስልክ አላረፈም። አብዛኛው «የመጨረሻ ዋጋ ስንት ነው?» ብሎ ይጀምራል፤ ሰላምታ የለ፣ የመጀመሪያ ዋጋ የለ። አንዱ ከሐረር ደወለ፤ ፎቶውን ሳያይ የቀደመው ሞዴል፣ ፔጆ 404፣ መስሎት ነው። እዚያ 404 ዛሬም ታክሲ ሆኖ ሲሠራ በዓይኔ አይቻለሁና አላጣጣልሁትም፤ ስለ አሮጌ ፔጆ ግማሽ ሰዓት አወራን። በምሥራቅ አፍሪካው የሳፋሪ የመኪና ውድድር 404 አራት ጊዜ ማሸነፉን፣ 504 ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1975 እና 1978 መድገሙን በቃሉ ያውቃል። ስንሰነባበት «በይ፣ በክብር ሽጪው» አለኝ።

የሠርግ መኪና የሚያከራይ ሰው በአካል መጣ። ሙሽሮች ለፎቶ ይወዱታል፣ ጣሪያውን ቆርጬ ክፍት አደርገዋለሁ አለ። ቁረጥ ሲል ጋሼ አጠገቤ ነበሩ፤ መፍቻቸውን አነሡና ሳይሰናበቱ ሄዱ። ሌላው የዓሣ ነጋዴ ነው፤ የኋላ ወንበሮቹን አውጥቶ በረዶ ሊጭንበት። 500 ሺህ ብር በእጁ ነበር። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ በመጨረሻ እማዬ «አምባዛ ይጫንበት?» ያለችበት ድምፅ ወሰነልኝ። አንድ ወጣት ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየራል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ መልስ አልነበረኝም።

ታኅሣሥ 11

ብረቱ አልቆ ወረቀቱ ተጀመረ። የወራሽነት ማስረጃው ለቤቱ ጉዳይ ከሁለት ዓመት በፊት ከፍርድ ቤት ወጥቷል፣ የወንድሜም ውክልና ደርሷል። የሦስተኛ ወገን መድን ገዛሁ። ያለፉት ዓመታት ምርመራ ቅጣት ተከፈለ። መኪናው ምርመራውን አለፈ፤ ፍሬኑ ሲለካ መርማሪው ሁለት ጊዜ ደገመው፣ አላመነም።

ከዚያ የሞተር ቁጥር። በሊብሬው ላይ ከመጨረሻው ሁለተኛው አሃዝ 8 ነው፤ በሞተሩ ላይ የተመታው 3 ነው። ጸሐፊው ቀና ብሎ «ሞተሩ ተቀይሯል» አለኝ። አልተቀየረም። «ታዲያ ሊብሬው ተሳስቷል ልትይኝ ነው?» አዎ ልልህ ነው። ፋይሉን ዘግቶ ወደ ጎን ገፋው።

ለአርባ ዓመት ማንም ያላየው አሃዝ ነው። ወይም አይተው አልፈውታል።

ታኅሣሥ 14

ደብተሩን ከመጀመሪያው እየገለጥሁ ሳነብ፣ ከሽፋኑ ጀርባ የተለጠፈ ቀጭን ወረቀት አገኘሁ። አባዬ በገዛበት ሳምንት የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ አሽቶ አንሥቶታል። ቀኑ ተጽፏል። አሃዙ 3 ነው። ከሥሩ፣ በዚያ በማስመሪያ የተሠመረ በሚመስል ፊደል፦ «ሊብሬው ላይ 8 ተብሏል። ይታረም።»

ሳያርመው ሞተ። ሁሉን የሚጽፍ ሰው አንዱን ነገር ጽፎ ረሳው። ሳቅሁ፣ ከዚያ አለቀስሁ፣ ከዚያ ፎቶ ኮፒ አስነሣሁ።

ታኅሣሥ 26

ደብዳቤ፣ ዳግም ምርመራ፣ የድሮ ፋይል ፍለጋ፣ ሦስት ቢሮ። የሽያጭ ውሉ ዋናው ግልባጭ ከፋይሉ ጥግ ወጣ፣ እዚያም 3 ነው። ታረመ። ለእማዬ ስነግራት «እንግዲህ ለገና ዶሮውን ላስገዛ» አለች።

ጥር 4

በጋሼ በኩል አንድ ገዢ መጡ። ከፎገራ በኩል ናቸው፣ ዕድሜያቸውን የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ፤ አሁን ጡረታ ወጥተው ባሕር ዳር ልጃቸው ጋ ይኖራሉ። የልጅ ልጆቻቸው አምስት ናቸው። ኮፈኑን አላስከፈቱኝም። አስነሺው አሉኝና ፓራፋንጎው ላይ መዳፋቸውን አኑረው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ካንዴላው አዲስ ነው፣ ሦስተኛው ሲሊንደር ትንሽ ይሰንፋል» አሉ። ጋሼ በፈገግታ ወደ እኔ አዩ፤ ይህንኑ ጠዋት ነግረውኝ ነበር።

ከከተማ መውጣት ዘንድሮ እንደ ድሮ አይደለም፤ እንጂ አባዬ ገዢ ቢያገኝ 30 ኪሎ ሜትር ወስዶ ጢስ ዓባይ ድረስ ያስነዳው ነበር። ወደ በዛዊት ዳገት እስከሚፈቀደው ድረስ ወጣን። በሁለተኛ ማርሽ ሳያቃስት ወጣ። ሲወርዱ ፍሬን አልረገጡም፣ በማርሹ ያዙት፤ ለዓባይ በረሃ ቁልቁለት የለመደ እጅ ነው። አዲሱ ድልድይ ላይ ስንደርስ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ወንዙን ተመለከቱ፣ ምንም አልተናገሩም።

ቤት ገብተን እንጀራ ከቀረበ በኋላ ዋጋ ተጀመረ። ስድስት መቶ አልሁ፣ አራት መቶ ሃምሳ አሉ። «ማስታወቂያሽን ስላነበብሁ ስቱኮውን ለዋጋ አልቆጥርብሽም» አሉ፤ ይህን ሲሉ ደላላው ትዝ አለኝ። አምስት መቶ ሠላሳ ላይ ደረስንና ቆምን።

«ደብተሩስ?» አሉ።

የቤተሰብ ነው፣ ማሳየት እችላለሁ እንጂ አልሰጥም አልሁ።

«እንግዲያው አልገዛም፣ ልጄ። እኔ የምገዛው ብረቱን አይደለም፤ አርባ ዓመት የተጻፈውን ነው። ያለ ደብተሩ ከሆነ ሁለት መቶ ሺህ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። እማዬ ተነሥታ ከመደርደሪያው አወጣችው። ቀሚሷ ላይ ጠረግ አድርጋ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። «እትዬ፣ አደራ በልቼ አላውቅም» አሉና ተነሥተው ተቀበሏት። ምርቃት ይሆናቸው ዘንድ ከጓዳ ተኝቶ የነበረውን የጣሪያ ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላውንም፣ ጨመረችላቸው፤ እኔ በሃያ ሺህ ልሸጠው አስቤ ነበር።

ጥር 5

ደብተሩን ለአንድ ቀን ተውሼ ገጽ በገጽ ኮፒ አስነሣሁ። የኮፒ ቤቱ ልጅ ዘይት ያለበትን ገጽ መስተዋቱ ላይ ለማኖር ቅር አለው፤ ከሥሩ ላስቲክ አነጠፍን።

ጥር 14

ከጥምቀት በኋላ ውሉ ተፈረመ፣ ግብሩና ቴምብሩ ተከፈለ፣ ስሙ ዞረ። ደላላው ከየት መጣ ሳይባል ደጃፉ ላይ ቆሞ ሁለት በመቶውን ጠየቀ። «እኔ ነኝ ያስተዋወቅሁት» አለ። ገዢው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ከላይ እስከ ታች አይተውት፣ የሻይ ሰጥተው ሸኙት።

ቁልፉን ሳስረክብ የኋለኛው በር እንዴት እንደሚከፈት ማሳየት ነበረብኝ፤ ቁልፉን ወደ ግራ፣ በጉልበት ገፋ፣ ከዚያ ወደ ላይ። እማዬ ከቤት አልወጣችም። መኪናው የሰፈሩን ጥግ ሲዞር ፍሬቻው በራ፤ ማንም በሌለበት መንገድ ላይ። አባዬም እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ጥር 18

ማለዳ ስልክ ተደወለ፤ የገዢው ልጅ ነው፣ ድምፁ ደንግጧል።

«እህቴ፣ ማራገቢያው አይዞርም! ሞተሩ ሲሠራ ዝም ብሎ ቆሟል። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፣ ላጥፋው?»

«አስነሥተኸው ስንት ደቂቃ ሆነ?»

«ሁለት፣ ሦስት።»

«አታጥፋው። ደብተሩን አምጣና ኅዳር 14 የጻፍሁትን እስክታነብ ጠብቅ።»

ገጽ ሲገለጥ ይሰማኛል። ከጀርባው ሞተሩ ያንጎራጉራል። ጣቱን እያስኬደ ማንበብ ጀመረ፤ ካርቦን የሚለው ላይ ሳይደርስ በስልኩ ውስጥ «ቃ» አለ።

«ያዘ» አለኝ።